የሲኒማ ድርሰት ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጋረጃው

በሲኒማ ቤት ተቀምጦ በመጋረጃው ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚመለከት ሰው ተዋናዮቹን ያመሰግናል፤ የአገሩንና የልብሱን ማማር ያደንቃል፤ ዜማውንም በልቡ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን ያ ሁሉ ከመታየቱ በፊት አንድ ሰው ብቻውን ከወረቀት ጋራ ተቀምጦ ብዙ ሌሊት እንደ ደከመ የሚያስብ ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጻችን ስለዚሁ ስለማይታየው ሰው፥ ስለ ሲኒማ ደራሲ፥ ድርሰቱም ከመጀመሪያው ረቂቅ ተነሥቶ እስከ ተፈጸመው ፊልም ድረስ ስለሚሄድበት መንገድ ጥቂት ለመናገር ፈቅደናል።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ሥዕል ሲንቀሳቀስ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመን ተለወጠ። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልም በአማርኛ ተሠርቶ ሕዝቡ የገዛ ቋንቋውን ከመጋረጃው ሰማ። ዛሬማ ልጆቻችን ተመልካቾች መሆን ብቻ ይበቃናል አላሉም፤ ደራሲዎችም ሊሆኑ ይሻሉ። አባትና እናት ግን «ይህ ሥራ ለልጃችን እንጀራ ይሆነዋልን?» እያሉ ይጨነቃሉ። ይህንም ጭንቀት በወሬ የሰማነው አይደለም፤ በመተማ በዘመዶቻችን ቤት በዓይናችን አየነው እንጂ።

በአንድ የጥቅምት ወር ለእኅታችን ጥየቃ ከጎንደር ተነሥተን፥ በአይከል በኩል ቍልቍለቱን ወርደን፥ በገንደ ውሃ አልፈን መተማ ዮሐንስ ደረስን። በደጋው ጋቢ ደርበን ተነሥተን ሳለ በቈላው ሸሚዛችን ከገላችን ላይ ተጣበቀ። ወራቱ የሰሊጥ አጨዳ ነበረና ከየደጋው ለቀን ሥራ የወረዱት ሠራተኞች ማጭዳቸውን ይዘው በየመንገዱ ይተላለፉ ነበር። የእኅታችን ባል ሰሊጥ አራሽ ነው። ሰሊጥም ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው፤ ሳይደርስ ቢታጨድ ፍሬው ቀላል ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ቢያልፈው ደግሞ የፍሬው መያዣ ተከፍቶ ሰሊጡ በመሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በዚያ ወራት አንድ እጅ እንኳ ሥራ ቢፈታ ለባለቤቱ ጉዳት ነው።

የቤቱ የበኵር ልጅ፥ ዕድሜው 22 ዓመት የሆነ፥ ሌሊት ሲጽፍ እያደረ ሠራተኞቹ ወደ እርሻ በሚወጡበት ሰዓት እንቅልፍ ይጥለው ነበር። አባቱም ተቈጥቶ «እርስዎ የጽሕፈት ሰው ነዎት፤ ይፍረዱን። ይህ ልጅ ሰሊጡን ለመሬት ትቶ የሚጽፈው ነገር ምን ይባላል?» አለን። እኅታችን ግን «ወንድሜ፥ ልጁን ከመገሠጽህ በፊት አንብብለት» ብላ ለመነችን። ልጁም በብዙ ሐፍረት አንድ ደብተር አምጥቶ «ጋሼ፥ የፊልም ድርሰት ነው» አለ። ፍርድ ከመነገሩ በፊት መዝገቡን መመርመር የሥራችን ልማድ ነውና ደብተሩን በዚያች ሌሊት አነበብነው።

ታሪኩ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ስለ ወረደ አንድ ጐልማሳ ነው። ይህ ሰው ለእናቱ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሊገዛላት ገንዘብ ፍለጋ ይመጣል፤ በሜዳ ከዛፍ ሥር ሲያድር ካላ አዛር የሚባለው፥ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ ይይዘዋል፤ ወደ ሐኪም ልሂድ ወይስ ገንዘቡን ለእናቴ ልላክ እያለ ይጨነቃል። ልጁ እንዲህ ያለውን ሰው በአባቱ እርሻ በዓይኑ አይቶት ነበር። ነገሩ እውነተኛ ነው፤ አጻጻፉ ግን ገና አልበሰለም። ለእኅታችንና ለባሏ ወዲያው መልስ ሳንሰጥ ጉዳዩን መረመርን፤ የመረመርነውም እንደሚከተለው ነው።

አስቀድሞ ማንም ሰው «ከመተማ ምን ታሪክ ይገኛል?» እንዳይል እናስታውሳለን። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ የቈሰሉበትና ሕይወታቸውን የሰጡበት ስፍራ ይህ ነው፤ ከተማውም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ይባላል። በ1977 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ከጎንደር አገር በእግራቸው ተነሥተው ወደ ሱዳን የተሻገሩት በዚህ በምዕራቡ ቈላ በኩል ነበር። ከሱዳን ሰፈሮች ወደ 8,000 የሚሆኑት በአይሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፥ ሌሎች ብዙዎች በመንገድና በሰፈር በረኃብና በበሽታ አለቁ። እንደ ገና በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ስደተኞች ልጆቻቸውን ታቅፈው በዚያው በመተማ በኩል ወደ እኛ ገቡ። ትናንት የእኛ ሰዎች ተሰድደው ያለፉበትን መንገድ ዛሬ ሌሎች በስደት ተመላለሱበት ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የባዕድ አገር ሰዎች ቀድመው ጽፈውታል። በሩማንያ ተወልደው በፈረንሳይ የሚኖሩት ራዱ ሚሃይሌአኑ፥ አላን ሚሼል ብላን ከተባሉ ደራሲ ጋራ ሆነው፥ ትርጓሜው «ሂድ፥ ኑር፥ ሁን» የሚል አንድ ፊልም ደረሱ። በዚህ ፊልም በሱዳን የስደተኞች ሰፈር ያለች አንዲት ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን እናት፥ ልጇ ከሞት እንዲድን ብላ ቤተ እስራኤል ነኝ እያለ ከሚሄዱት ጋራ እንዲሄድ ትሰደዋለች። ፊልሙ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ታየ፤ በማግሥቱም ዓመት በፈረንሳይ አገር ሴዛር የሚባለውን የድርሰት ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በደጃችን አልፎ ሳለ ጸሐፊው ከሩቅ መጣ ማለት ነው። እኛ ግን በዚህ ልንቀና አይገባንም፤ ልጆቻችንን ልናስተምር እንጂ።

አሁን ወደ ሥራው ሥርዓት እንግባ። የሲኒማ ደራሲ ከሁሉ አስቀድሞ የታሪኩን ሐሳብ በሁለት ወይም በሦስት መስመር መናገር ይገባዋል፤ ይኸውም ማን፥ ምን ፈለገ፥ ምን ከለከለው የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ታሪኩን በጥቂት ገጽ እንደ ተረት ይተርከዋል። ቀጥሎም ወደ ረቂቁ ገብቶ ነገሩን በየክፍሉ ይለያል፤ በእያንዳንዱም ክፍል ራስ ላይ በቤት ውስጥ ወይም በውጭ፥ በየትኛው ስፍራ፥ በቀን ወይም በሌሊት መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ሥርዓት የተጻፈ አንድ ገጽ በመጋረጃው ላይ የአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ባለ ሥራዎቹ ይገምታሉ። እንግዲህ የሁለት ሰዓት ፊልም ወደ 120 ገጽ ይሆናል ማለት ነው። የእኅታችን ልጅ ደብተር ግን 47 ቅጠል ነበር፤ ያውም ግማሹ የደራሲው ሐዘን እንጂ የታሪኩ ሥራ አልነበረም።

ትልቁ ችግር ያለው በዚህ ነው። የልብ ወለድ መጽሐፍ ጸሐፊ «በልቡ አዘነ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የሲኒማ ደራሲ ግን ዓይን የሚያየውንና ጆሮ የሚሰማውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በፍርድ ቤት ምስክር ሲቀርብ «ሰውየው ክፉ ነበር» ቢል ዳኛው ያቋርጠውና «ያየኸውን ተናገር፤ ምን ሲያደርግ አየኸው? ምን ሲል ሰማኸው?» ይለዋል። ጸሐፊውም ያንኑ ይጽፋል። የሲኒማ ድርሰትም እንደዚሁ ያለ የምስክር ቃል ነው፤ ክፋቱን ወይም ደግነቱን የሚፈርደው ተመልካቹ ነው።

በልጁ ረቂቅ ውስጥ «ሠራተኛው የቀን ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ እናቱን አስታውሶ በልቡ እጅግ አዘነ» የሚል ቃል አገኘን። እኛም «ልብ በካሜራ ይታያልን?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ አንድ ሌሊት አስቦ እንዲህ ብሎ ለወጠው፤ ሠራተኛው በጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ ገንዘቡን ይቈጥራል፤ በጋቢው ጫፍ ይቋጥረዋል፤ ወደ ደጋው መንገድ ይመለከታል። ይህ ከፊተኛው ይሻላል። ነገር ግን የመጨረሻው እንዳልሆነ ከዚህ በታች እንናገራለን።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲፈጽም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማስወገድ የአገራችንን ታላቅ የሲኒማ ሰው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ፥ ቲያትርም የሚደርሱ ሰው ነበሩ፤ ልጁም በልጅነታቸው በአባታቸው ቲያትር ይጫወቱ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው አስቀድመው በሺካጎ ቲያትር፥ ኋላም በሎስ አንጀለስ ሲኒማ ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገራቸው ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ያነሡት በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ነው፤ ብዙዎቹም ተዋናዮች የቲያትር ትምህርት የሌላቸው ባላገሮች ነበሩ።

ታዲያ በሁለት ሳምንት ፊልም ያነሡት እኒሁ ሰው «ጤዛ» የተባለውን ፊልም ከመጻፍ እስከ መፈጸም ድረስ 14 ዓመት ያህል ደከሙበት። የ«ጤዛ» ታሪክ በጣና ሐይቅ አጠገብ ባለ መንደር የሚፈጸም ነው። አንበርብር የሚባል ሰው በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፥ ብዙ መከራም ተቀብሎ፥ አንድ እግሩን አጥቶ፥ በደርግ ዘመን መጨረሻ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። በዚያ ጊዜ በመንደሩ ያሉ ጐበዛዝት ለጦርነት እንዳይወሰዱ ፈርተው በዋሻ ይሸሸጋሉ። የተማረው ልጅ ይረዳናል ብሎ የሚጠብቀው ዘመድ ሁሉ አንበርብርን «ምን አመጣህልን?» በሚል ዓይን ይመለከተዋል፤ እሱ ግን የራሱንም ነገር እንኳ አጥርቶ ማስታወስ ተስኖታል።

እንዲህ ያለው ታሪክ በአንድ ጊዜ ጽሕፈት አይገኝም። ሦስት ስፍራና ሦስት ዘመን፥ ማለት የልጅነቱ መንደር፥ የጀርመን አገርና የደርግ ዘመን አዲስ አበባ፥ በአንድ ሰው አሳብ ውስጥ እየተፈራረቁ ይመጣሉና፥ ደራሲው የትኛው ከየትኛው በፊት እንዲታይ ደጋግሞ መመዘን አለበት። ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ረቂቅ ከፊተኛው ይልቅ አድካሚ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ደራሲው የሚያውቀውን ሁሉ ያፈስሳል፤ በሚቀጥለው ግን ደስ የሚያሰኘውን እንኳ ታሪኩን የማይረዳ ከሆነ ይቈርጣል። ከቈረጠ በኋላም ለሰዎች ጮኾ ማንበብ ይገባዋል፤ በዓይን ሲነበብ ያማረ ቃል በአፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ ይሰነካከላልና።

ከጽሕፈቱ ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘብ መከራ ነው። መጽሐፍ የሚደርስ ሰው ብዕርና ወረቀት ይበቃዋል። ሲኒማ ግን ለካሜራው፥ ለተዋናዩ፥ ለመኪናው፥ ለምግቡ ሁሉ ወጪ ይጠይቃል። የ«ጤዛ» ሥራ 14 ዓመት ያህል የወሰደበት ዋናው ምክንያት የገንዘብ እጦት ነው፤ የኢትዮጵያው ክፍል ከተነሣ በኋላ እንኳ የጀርመኑን ክፍል ለማንሣት ጊዜ መጠበቅ አስፈልጓል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ከዚያ በፊት ስለ ባርያ ንግድ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 በፈጸሙ ጊዜ በአሜሪካ የሚያከፋፍልላቸው ነጋዴ አላገኙም፤ ስለዚህ የሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ተመለከተው። በዚህ ሁሉ ዘመን ዋሽንግቶን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። እንጀራቸው ከማስተማር ይገኝ ነበርና ድርሰታቸውን ለገንዘብ ብለው አልለወጡም።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ድርሰቱ ከደራሲው እጅ ወጥቶ ወደ ብዙ ሰዎች እጅ ይገባል። ሥዕል አንሺው ብርሃኑን፥ ተዋናዩ ድምፁንና ፊቱን፥ ባለ ዜማው ዜማውን ይጨምርበታል። ሥዕሉም እንደ ታሪኩ ተራ አይነሣም፤ በአንድ ቤት የሚፈጸመው ሁሉ፥ የታሪኩ መጀመሪያም ቢሆን መጨረሻ፥ በአንድ ሰሞን ይነሣል። ዝናም ቢዘንም፥ ተዋናይ ቢታመም፥ የተጻፈው ክፍል እዚያው በሜዳ ይለወጣል። በመጨረሻም የተነሣው ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ እየተቈረጠ ይቀጠላል፤ ብልህ ሰዎች ይህን ሥራ የመጨረሻው ረቂቅ ይሉታል። በወረቀት ላይ ሦስት ገጽ የፈጀው ንግግር በአንዲት ዝምታ የሚተካው በዚህ ጊዜ ነውና። «ጤዛ» እንዲህ ሆኖ ተፈጽሞ 140 ደቂቃ የሚታይ ፊልም ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ፍጻሜ በቬኒስ ከተማ በተደረገው ታላቅ የሲኒማ በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፥ ከዚህም ጋራ የድርሰቱን ሽልማት ተቀበለ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ የሲኒማ በዓል የወርቁ ፈረስ ሽልማት ተሰጠው። በጣና ዳር የተጸነሰው ታሪክ በድርሰቱ ዓለምን አስደነቀ።

አንድ ነገር ግን ወላጆችም ወጣቶችም እንዲያስተውሉ እንወድዳለን። የእውነተኛ ሰው ሕይወት ሲጻፍ ሕግ አለ። ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም የደረሱት በፍርድ ቤት ከታየ እውነተኛ ነገር ተነሥተው ነው፤ ይኸውም በጠለፋ የተወሰደች አንዲት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችበትና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ የተከራከሩላት ጉዳይ ነው። ፊልሙ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 በአሜሪካና በበርሊን በዓላት የተመልካቾችን ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊታይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ በኋላ እግዱ ተነሥቶ ታየ። ከዚህ የምንማረው የሰውን ሕይወት የሚጽፍ ደራሲ አስቀድሞ ባለ ታሪኩን አነጋግሮ፥ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀብሎ ቢጀምር ኋላ ከክርክር እንደሚድን ነው። የእኅታችንም ልጅ የታመመውን ሠራተኛ ስምና አገር ለውጦ እንዲጽፍ መክረነዋል፤ ሰውየው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ አገሩ ተመልሷልና ሐፍረት እንዳይደርስበት።

እንግዲህ ወደ መተማው ቤት እንመለስ። በሦስተኛው ቀን ማታ፥ ሙቀቱ ጥቂት በረድ ብሎ፥ ቤተሰቡ በደጅ አልጋ አውጥቶ ተቀምጦ ሳለ፥ ልጁ ያሻሻለውን ክፍል ለአባቱ ጮኾ እንዲያነብ አደረግን። አባት መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ ነበር። ልጁም ሠራተኛው በጓደኞቹ መካከል ገንዘቡን ሲቈጥር ወደሚለው ስፍራ በደረሰ ጊዜ አባት በድንገት ዞሮ «ሐሰት ነው!» አለ። ሁላችንም ደነገጥን። «ይህን ሁሉ ዓመት ሠራተኛ ሳሠራ ኖሬአለሁ፤ በሰው ፊት ገንዘቡን የሚቈጥር ሠራተኛ አላየሁም። ሌሊቱን በሜዳ የሚያድር ሰው ምን ያህል እንደያዘ አያሳይም። ከሰሊጡ ክምር ኋላ ይሄዳል፤ ጀርባውን ይሰጣል፤ ቈጥሮ ሲመለስ መታጠቂያውን እያጠበቀ ነው» አለ።

ልጁ እስክሪብቶውን አንሥቶ እንደ ተነገረው ጻፈ። እኛም ክፍሉን በዓይነ ኅሊናችን ተመለከትነው፤ ካሜራው የሰውየውን ጀርባና የክርኑን መንቀጥቀጥ ብቻ ያያል፤ ፊቱ አይታይም፤ ነገር ግን ገንዘቡ እንዳልበቃው ተመልካች ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያው ረቂቅ «እጅግ አዘነ» የተባለው ቃል ሦስተኛ ረቂቅ ሆኖ የተገኘው በዚህ ዓይነት ነው። ያገኘውም የእኛ ትምህርት አይደለም፤ የአባቱ ዕድሜ ነው። አባትም ልጁ ቃሉን ሲጽፍ ባየ ጊዜ ዝም አለና ቈይቶ «ደግሞስ አለቃቸው እንዲህ አድርጎ አይናገርም፤ አንብበው እስቲ እንደ ገና» አለ። በዚያች ሌሊት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አንብበው አረሙ። እኅታችንም ቡናውን ሁለት ጊዜ አፈላች።

በማግሥቱ ፍርዱን የተናገረው አባት ራሱ ነው። «ክረምቱና መኸሩ የእርሻ ነው፤ ሰሊጡ እስኪገባ ድረስ ማለዳ ከሠራተኞቹ ቀድመህ ትወጣለህ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ግን ያንተ ይሁን፤ ጻፍ» አለው። ልጁም የአባቱን ጉልበት ስሞ ማጭዱን አነሣ። እኛም በዚህ ፍርድ ላይ የምንጨምረው ይግባኝ የለንም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሁለት ነገር እንዲያስቡልን እንለምናለን። የመጀመሪያው፥ ልጁ ሌላ እንጀራ ሳይዝ በድርሰት ብቻ እኖራለሁ ቢል ዓመታቱ ረጅም መሆናቸውን ይንገሩት፤ «ጤዛ» 14 ዓመት ያህል ፈጅቷልና። ሁለተኛው፥ ደብተሩን ከመንጠቃቸው በፊት አንድ ማታ ተቀምጠው ያስነብቡት። ልጁ የጻፈው ሐሰት ቢሆን እውነቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የአገሩን ሥራና አነጋገር ከወላጅ የተሻለ የሚያርም መምህር በሩቅ አገር አይገኝም።

የእኅታችን ልጅ ደብተር ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ 47 የነበረው ቅጠል 31 ሆኗል። መቀነሱን ሰምተን ደስ ብሎናል። ቀሪው እስኪሞላ፥ ገንዘቡም እስኪገኝ፥ ብዙ በጋ ያልፍ ይሆናል፤ የመተማም ሰው የገዛ ታሪኩን በመጋረጃ ላይ በልጁ እጅ ተጽፎ ያይ ዘንድ እንመኛለን።